በዚህ ደህና

አባቴ ጠዋት ጠዋት አጥር ይዳስስ ነበር።

ሌላው የቡታጅራ ሰው በዚያ ሰዓት ፊቱን ይታጠባል፣ ከብቱን ያስወጣል፣ የአዲስ አበባ መኪና እንዳያመልጠው ይሮጣል። የእኔ አባት ግን ከጓሮ ጀምሮ እስከ ውጭ በሩ ድረስ፣ እኛንና ጎረቤታችንን የሚለየውን የባሕር ዛፍ አጥር ቋሚ በቋሚ በአውራ ጣቱ እየነካ ይሄዳል። አንዱን ቋሚ ነክቶ ቆም ይላል። ከዚያ ጮክ ሳይል፣ ግን ማዶ ያለ ሰው እንዲሰማው አድርጎ፣ «በዚህ ደህና» ይላል።

ከአጥሩ ማዶ ጎርነን ያለ ድምፅ «በዚህም ደህና» ብሎ ይመልስለታል። አባቴ ወደሚቀጥለው ቋሚ ያልፋል።

እኔ ይህን ሁሉ የምሰማው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ነው። የመስጊዱ አዛን ካበቃ በኋላ፣ የመናኸሪያው ረዳቶች መጮህ ከመጀመራቸው በፊት ያለችው ሰዓት የእነሱ ነበረች። አልጋዬ ከአጥሩ በኩል ባለው የጭቃ ግድግዳ ሥር ስለሆነ የአባቴ ጣት እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ሁሉ የምሰማ ይመስለኛል። አባት የሆነ ሁሉ ይህን የሚያደርግ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ ያንቺስ አባት አጥሩን ከየት ይጀምራል ብዬ ብጠይቃት፣ አፍጥጣ አየችኝና የእሷ አባት ጠዋት የሚያውቀው ማሳል ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ አጥሩ ለማንም አላወራሁም።

እኛ የቡታጅራ ሰዎች አልነበርንም። እናቴ አሰገደች አስተማሪ ነበረች። አባቴ ሸዋንግዛው በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ተቀጥሮ ይሠራል፤ ከዚያ በፊት ግን፣ ከአዋሽ ማዶ በረሃው ላይ፣ የባቡር ሐዲድ መርማሪ ነበር። ዘመድ አዝማድ ሁሉ ናዝሬት እያለ እናቴ ዝውውር ጠይቃ ማንንም ወደማናውቅበት ከተማ መምጣቷ ለዘመዶቿ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆኖባቸው ነበር። ሲጠይቋት አየሩ ይስማማናል ትላቸዋለች። አየሩ ለአባቴ እንዳልተስማማው ግን ልጅም ብሆን አይ ነበር፤ ምግብ ላይ ዝም ይላል፣ ሲስቅ ጀምሮ ይተወዋል።

ስለ ሐዲድ የማውቀውን ያስተማረኝ በእናቴ ጠመኔ ነው። ሐዲድ አንድ ወጥ ብረት እንዳይመስልሽ አለኝ፤ ብረት በብረት እየተቀጠለ ነው የሚሄደው። ሁለት ጠመኔ ጫፍና ጫፉን አጋጥሞ ጠረጴዛ ላይ አስተኛና ጣቴን ይዞ በመጋጠሚያው ላይ አሳለፈው። ልስልስ ብሎ አለፈ። ቀጥሎ አንደኛውን ጠመኔ በጥፍሩ ገፋ አደረገው። ዓይኔ ምንም ለውጥ አላየም፤ ጣቴ ግን ተደናቀፈ። ይህ ዝንፍ ይባላል አለኝ። ሰው ላያየው ይችላል፣ የባቡር ጎማ ግን ያገኘዋል።

ከዚያ የሥራውን ደንብ ነገረኝ። መርማሪዎች ሁልጊዜ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የግራውን ሐዲድ፣ አንዱ የቀኙን ይዞ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። መጋጠሚያ ላይ ሲደርሱ እያንዳንዱ የራሱን ይዳስስና «በዚህ ደህና» ብሎ የጓደኛውን መልስ ይጠብቃል። መልስ ሳይሰማ አንድ እርምጃ አይሄድም። አንዱ «ዝንፍ» ካለ ደግሞ ሌላው የራሱን ሐዲድ ትቶ ይሻገራል፤ «የቱ ጋ ነው?» ብሎ የራሱን ጣት ያሳርፍበታል። አንድ ጣት ሊሳሳት ይችላል፣ ሁለት የሆንነው ለዚህ ነው አለኝ። ይህን እየተናገረ ጠመኔዎቹን መልሶ ገጠማቸው። ከገጠማቸው በኋላም ደጋግሞ ዳሰሳቸው።

እንግዲህ ማዶ ያለው ሰውዬ የአባቴ የሥራ ጓደኛ ነው ብዬ ደመደምኩ። ስሙንም ብዙ ሳልቆይ አገኘሁት። እናቴና ጓደኛዋ እትዬ አሰፋሽ የተማሪ ፈተና ያርማሉ፣ እኔ ከጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብያለሁ። እናቴ በረጅሙ ተነፈሰችና ጠዋት ጠዋት ከሙስተፋ ጋር መነጋገሩን አልተወም አለቻት። እትዬ አሰፋሽ ከንፈሯን መጠጠች። ጠበል ብትወስጂውስ አለች። እናቴ ጠበል ሰውን ከሰይጣን እንጂ ከሰው አያላቅቅም ብላ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

እኔ የሰማሁት ስሙን ብቻ ነው። ሙስተፋ። አባቴ ጓደኛ አለው፣ ጓደኛውም ከአጥር ማዶ ነው የሚኖረው። ደስ አለኝ።

ማዶው የእማማ ሃሊማ ግቢ ነበር። እማማ ሃሊማ ዕድሜያቸውን ሙሉ በርበሬ ሲያሰጡ፣ ሲቀነጥሱና ሲወቅጡ የኖሩ የመስቃን ሴት ናቸው። የበርበሬው ብናኝ ጉሮሯቸውን ስለጎዳው ከእኔ ጋር የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው፤ ጮክ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ባላቸው ሞተዋል፣ ሴት ልጃቸው ባሂራ አግብታ መርካቶ ነው የምትኖረው። ዓርብ ዓርብ አባቴ ስኳር ወይ ሳሙና አስይዞ ወደ እሳቸው ይልከኛል። ራሱ ግን ያን በር አልፎ ገብቶ አያውቅም። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ኮፍያውን ያወልቅና ዳር ይይዛል፤ እስኪያልፉ ድረስ መሬት መሬት ያያል። እሳቸውም ቃል ሳይተነፍሱ ያልፋሉ። ጠዋት ጠዋት እንደዚያ የሚነጋገሩ ሁለት ግቢዎች ቀን ላይ ለምን እንደማይተዋወቁ አይገባኝም ነበር።

ከእማማ ሃሊማ ቤት ጎን አንዲት ክፍል ነበረች። በሯ ላይ፣ ከጣሪያው ክዳን ሥር፣ የወንድ ቦት ጫማ ይቀመጣል። ጫማው ቅባት የተቀባ ነው፤ አቧራ አርፎበት አይቼ አላውቅም። ጫማው በር ላይ ካለ ሰውየው ውስጥ ነው፤ ይህን በየመስጊዱ በር አይቼ ተምሬያለሁ። የማን ክፍል ናት ብዬ ስጠይቃቸው እማማ ሃሊማ በሹክሹክታቸው የሙስተፋ ናት፣ እንዳትገቢ አሉኝ። በስንጥቁ አጮልቄ ሳይ ግድግዳው ላይ አባቴ ዘንድ ያለው ዓይነት ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ተሰቅሏል። አልጋው ተነጥፏል። ሰው ግን አላየሁም።

ያ ቦት ጫማ ከበረሃ የተመለሰው ብቻውን ነው። ሰውየው በሞተበት ዕለት፣ በእስልምናው ወግ፣ እዚያው ተቀብሯል። ለእናቱ የደረሳቸው ጫማውና ማስመሪያው ነበር። ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት የሚቀቡት እሳቸው ነበሩ። እኔ ግን ያኔ ይህን ማን ነግሮኝ።

ደስታዬ እየዋለ እያደረ ወደ ፍርሃት ዞረ። የማይወጣ ሰው ያስፈራል። ጠዋት ይናገራል፣ ቀን አይታይም፤ ጫማው አለ፣ እግሩ የለም። ዓርብ ስኳሩን ይዤ ስሄድ በዚያች ክፍል አጠገብ የማልፈው ትንፋሼን ይዤ ነበር። ጠዋት ጎርናናው ድምፅ ሲመልስ ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኔ እስበዋለሁ፤ ሆኖም ካልመለሰ ምን ሊመጣ ነው የሚለው ከመልሱ የበለጠ ያስፈራኛል። ዛሬም ጎርናና ድምፅ ያለው ሰው ድንገት ከኋላዬ ሲናገር እጄ ይቀዘቅዛል።

በጥቅምት፣ ግቢያቸው በርበሬ ተሰጥቶበት በቀላበት ሰሞን፣ ፍርሃቴን መቻል አቃተኝ። ጠዋት ከአልጋዬ ወረድኩና ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ አባቴ በማያየኝ በኩል፣ በአጥሩ ቀዳዳ ዓይኔን ሰደድኩ።

እማማ ሃሊማ ነበሩ። ሰሌን ላይ ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ መቁጠሪያቸው በእጃቸው ነው። አባቴ «በዚህ ደህና» ሲል አፋቸውን ከፈቱና፣ በዚያ የሙስተፋ ነው ባልኩት ድምፅ፣ «በዚህም ደህና» አሉ። ከዚያ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። የበርበሬው ነው አልኩ። አባቴ ወደሚቀጥለው ቋሚ ሲያልፍ እሳቸውም በሰሌኑ ላይ ትንሽ ፈቀቅ አሉ።

የልጅ አእምሮ ባዶ ቦታ አይወድም፤ ወዲያው ሞላሁት። ሙስተፋ ወደ ሩቅ አገር ሄዷል። እማማ ሃሊማ አባቴ እንዳያዝን ብለው በእሱ ቦታ እየመለሱለት ነው። አባቴ ደግሞ ምስኪን፣ ጓደኛው እንደሄደ አያውቅም። ይህን ምስጢር ከእኔና ከእማማ ሃሊማ በቀር የሚያውቅ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስሰማቸው መፍራቴ ቀርቶ አባቴን አዝንለት ጀመር። ምሳ ላይ ከእኔ ድርሻ ሥጋ እያነሳሁ አቀርብለት ነበር። እናቴ ይቺ ልጅ ምን ነካት ትላለች።

ሳስበው ዛሬም ያመኛል። አባቴን ከማንም በላይ ከሚያውቀው ነገር ነበር የምሸሽገው።

የበርበሬው ወቅት ሳያልቅ እማማ ሃሊማ ሳል ጀመራቸው። ጠዋት ጠዋት መልሳቸው እየዘገየ፣ እየቀጠነ ሄደ። ከዚያ አንድ ጠዋት አባቴ «በዚህ ደህና» አለ፤ ከማዶ ምንም አልመጣም።

ጠበቅሁ። አባቴም ጠበቀ። ደግሞ «በዚህ ደህና» አለ። ዝም። ረዳቶቹ መናኸሪያ ላይ መጮህ ጀመሩ፣ ፀሐይ ወጣች፣ እሱ ግን አውራ ጣቱን ቋሚው ላይ እንዳሳረፈ ነው። እናቴ የደብተር ቦርሳዋን አንግታ ወጣችና ሸዋ፣ ሥራህ ረፈደ አለችው። አልሰማትም። ቀረብ ብላ ክንዱን ያዘችው፤ እንደያዘችው ቆየችና ለቀቀችው። ስትሄድ ወደ እኔ አላየችም። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ መልስ ሳይሰማ አንድ እርምጃ አይሄድም። እዚያ ቆሞ እንደሚውል፣ እንደሚያመሽም ገባኝ።

ከዚያ የባሰው ነገር ታየኝ። አሁን ሙስተፋ እንደሌለ ሊያውቅ ነው። በውጭ በሩ ሹልክ ብዬ ወደ እማማ ሃሊማ ግቢ ሮጥኩ።

ፍራሽ ላይ ተኝተዋል። ቤቱ የበርበሬና የላብ ሽታ አለው፤ ትንፋሻቸው ሲወጣ ያፏጫል። እማማ ሃሊማ፣ አባዬ ቆሟል፣ እባክዎ ይመልሱለት አልኳቸው። ዓይናቸውን ገለጡ። እስካሁን ቆሞ ነው ያለው ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ድምፄ አይደርስም፣ አንቺ በይልኝ አሉኝ። በሩ ላይ ቆምኩ፤ «በዚህም ደህና» ልል ደረቴን ነፋሁ። ከኋላዬ የቀሚሴን ጫፍ ጎተቱት።

«እሱን አይደለም» አሉኝ። «ዝንፍ በዪው።»

ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ቃሉን እሳቸው ማወቃቸውም አልደነቀኝም። ወደ አጥሩ ዞሬ በቀጭን ድምፄ «ዝንፍ» አልኩ።

ከዚያ የእኛ የቆርቆሮ በር ሲበረገድ ሰማሁ፣ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። አባቴ ዞሮ፣ ገብቶ የማያውቀውን በር አልፎ መጣ። የተሰጣውን በርበሬ ረግጦ ነው የመጣው። የሙስተፋ ክፍል ጋ ሲደርስ ቦት ጫማውን አየና ቀጥ ብሎ ቆመ። ቆይቶ ጎንበስ አለና የራሱን ጫማ አወለቀ፤ ከቦት ጫማው ጎን አስተካክሎ አስቀመጠው። በባዶ እግሩ ወደ ዋናው ቤት ገብቶ ከፍራሹ አጠገብ ተንበረከከ።

«የቱ ጋ ነው?» አለ።

አውራ ጣቱን ዘርግቷል፣ የት እንደሚያሳርፈው ግን አያውቅም። እማማ ሃሊማ እጁን ያዙና ደረታቸው ላይ አደረጉት።

እኔን ውሃ አምጪ ብለው ወደ ጓዳ ላኩኝ። መጋረጃውን አልፌ ቆምኩ እንጂ ውሃ አልቀዳሁም። አባቴ ብዙ ተናገረ፤ እንደዚያ ብዙ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ አንዳንዱ በልቅሶው ውስጥ እየጠፋ የደረሰኝ ቁርጥራጩ ነው። ሳልነካው ይላል። ጣቴን ሳላሳርፍ ደህና አልኩት ይላል። እሱ ግን አመነኝ፣ እኔ ደህና ባልኩት ላይ ነው ሲመለስ የሄደበት ይላል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ግራ ገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተቆጡኝ አትንኪ እያሉ ነው፤ ሰው ባልነካው ነገር እንዲህ የሚያለቅሰው ለምንድን ነው? ነክቶ ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አሉ እማማ ሃሊማ።

አባቴ ቀና አለ።

«መጀመሪያ የጠራህ ጠዋት ነው ያወቅሁህ። ልጄ ለዕረፍት ሲመጣ እዚችው አጥር ላይ ያጫውተኝ ነበር፤ እሱ እየጠራ፣ እኔ እየመለስኩ። ከጓደኛዬ ጋር እንዲህ ነው የምንሠራው ይለኝ ነበር። ይህን ጥሪ ከሌላ ከማን እሰማዋለሁ?»

«ታዲያ ለምን መለሱልኝ?»

እማማ ሃሊማ ሳላቸው እስኪያልፍ ቆዩ። «ባልመልስልህ እዚያው ቆመህ ትቀር ነበራ» አሉት። «ደህና ሆኜ አይደለም። አንድም ቀን ደህና ሆኜ አላውቅም። አንተ ሳትነካ ነው ያልከው፣ እኔም እንደዚያው አልኩህ። አላህን ሳልዋሽ ልሙት ብዬ ነው ዛሬ የጠራሁህ።»

ከዚያ ያን ዕለት ምን ነክቶህ ነው ብለው ጠየቁት። ቁጣ የለበትም፤ ማወቅ ስለፈለጉ ነው የጠየቁት። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳየው ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል። ሰምቶኛል፣ ውሃ አለመቅዳቴን አውቋል ብዬ ደነገጥኩ። እማማ ሃሊማም እሱ ያየበትን አዩ። ይሁን፣ አትንገረኝ አሉት።

ወደ ቤት ስንመለስ እጁን ያዝኩት። ምስጢሩ እንደወጣ ገብቶኛል፤ ሙስተፋ እንደሄደ ነግረውት ነው ያለቀሰው። አባዬ፣ አይዞህ፣ በባቡር ይመጣል አልኩት። መንገዱ ላይ ቆመ። እጄን ጠበቅ አደረገና እሺ ልጄ አለኝ።

ከዚያ በኋላ አባቴ በየቀኑ ጠዋት በበሩ ይገባ ነበር። እሳት ያነድላቸዋል፣ ሾርባ ያጠጣቸዋል፤ ቦት ጫማውን ቅባት የሚቀባውም እሱ ሆነ። ከመርካቶ ልጃቸው ባሂራ መጥታ ይህ ሰው ማነው ስትላቸው የሙስተፋ ጓደኛ ነው አሏት፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ሲሞቱ ቃሬዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። የመስጊዱ ሰዎች ቦታ ለቀቁለት፤ ማንም ምን አገባህ አላለውም።

አጥሩንም ከዚያ ወዲህ አልነካም። ጥሪው ቆመ። እኔ ግን ከቀብሩ በኋላ ባሉት ጠዋቶች አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ያን ጎርናና ድምፅ እሰማ ነበር። የሚጠራ ሳይኖር ይመልሳል። «በዚህም ደህና» ይላል። ለእናቴ ስነግራት ሕልም ነው አለችኝ፤ አልጋዬንም ወደ ሌላው ግድግዳ አዛወረችው። ሕልም እንዳልነበር ግን አውቃለሁ፤ ነቅቼ ነው የምሰማው።

አሁን ወልቂጤ ነው የምኖረው። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ቡታጅራ ያ የባሕር ዛፍ አጥር ምስጥ በልቶት በብሎኬት ተተክቷል፤ በእማማ ሃሊማ ቤት ሌላ ሰው ተከራይቷል። ይህን ሁሉ በልጅነቴ እንዳየሁት አድርጌ፣ ሙስተፋን ሳይሰናበት የሄደ ጓደኛ አድርጌ፣ ይዤው በኖርኩ ነበር። እናቴ ግን የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለ ታመመች። አስታምማት ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እግሯን እያሸሁላት ሳልጠይቃት ጀመረችው።

አባቴና ሙስተፋ ያን ዕለት ጠዋት ሥራ ላይ ሳሉ ከጣቢያው አንድ ሰው ሐዲድ ሐዲዱን እየሮጠ መጥቶ ሸዋንግዛው፣ ሚስትህ ናዝሬት ወለደች፣ ሴት ናት አለው። ሙስተፋ እልል አለ፣ በወንድ ድምፁ። ከዚያ በኋላ የቀሯቸውን መጋጠሚያዎች አባቴ እየሮጠ ነው የጨረሳቸው። በአንደኛው ላይ ጣቱን አላሳረፈም፤ አፉ ግን ደህና አለ። ሙስተፋ አመነው። ሲጨርሱ ሂድ፣ ልጅህን እይ፣ እኔ መሣሪያውን እመልሳለሁ ብሎ ከመንገድ በሚያልፍ የጭነት መኪና አሳፈረው። ራሱ ከሰዓት በኋላ የሐዲድ ሠራተኞች በሚሄዱባት ትንሽ የሞተር ጋሪ በዚያው መስመር ተመለሰ። ጋሪዋ ያን ያልተዳሰሰ መጋጠሚያ መትታ ተገለበጠች። ወሬው ናዝሬት የደረሰው አባቴ እኔን ታቅፎ ሳለ ነው አለች እናቴ። አንቺን ለእኔ መልሶ ሰጠኝና ወጣ፣ ለብዙ ጊዜ አላቀፈሽም፤ ቡታጅራ ያመጣንም ከሙስተፋ እናት ደጅ ካልኖርኩ ብሎ ነው አለችኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ትልልቆቹ ሰዎች ከጠረጴዛው በላይ፣ ከመጋረጃው ማዶ፣ ከአጥሩ ባሻገር ሲያወሩ የነበረው ስለ እኔ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰምቶኛል ብዬ የደነገጥኩበት ያ ዓይን ለእማማ ሃሊማ መልስ ነበር። እሳቸው ወዲያው ገብቷቸዋል። ልጄን ያሳጣኝ ይቺ ናት ብለው አላዩኝም፤ ይሁን አሉ። ዓርብ ዓርብ ስኳር የማደርስላቸው እኔ ነበርኩ። ሊሞቱ ሲሉ እንኳ ጉንጬን ስመውኛል። ይህን ሳስብ መቀመጫ የማጣባቸው ቀኖች አሉ። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አባት ልጁን ታቅፎ ሲስቅ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴን ወደ ቤቴ አመጣሁት። ማወቄን ግን አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልጀምረው? እሱም የነገር ዳርዳሩን እንኳ አንስቶ አያውቅም። ማዕድ እንቆርሳለን፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን፣ ልጄን ጉልበቱ ላይ ያጫውታታል። እኔን ሲያየኝ ግን አንዳንዴ ፈጥኖ ዓይኑን ይሰብራል። በመንገድ ዳር ቆሞ መሬት መሬት ያይ የነበረውን ሰው ያኔ አየዋለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እኔን ሲያይ የሚያየው ሁለት ሰው መሆኑን አውቃለሁ፣ ማወቄን ግን አያውቅም።

በዚህ ክረምት አእምሮው መሳት ጀመረ። የሰፈሩን ስም ይረሳል፣ የልጄን ስም ይረሳል። አውራ ጣቱ ግን አልረሳም፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ፣ የወለሉን ጣውላ መጋጠሚያ ይዳስሳል።

ባለፈው ሳምንት የጠዋት ተረኛ ነበርኩ። ዝናብ ያካፋል፣ ባጃጁ በር ላይ ጥሩንባ እየነፋ ይጠብቀኛል። መኝታ ክፍሌ ውስጥ ጫማዬን ሳስር ከግድግዳው ማዶ፣ ከኮሪደሩ፣ የአባቴን ከዘራ ሰማሁ። ቆመ። ጣቱ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ሰማሁ።

«በዚህ ደህና» አለ።

ከእማማ ሃሊማ ሞት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የሚመልሰው ድምፅ ከየት ይመጣል ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ፤ አልመጣም። በቤቱ ውስጥ የነቃነው እሱና እኔ ብቻ ነን፣ ባለቤቴና ሕፃኗ ተኝተዋል። ባጃጁ ጥሩንባውን ነፋ። አባቴ አልተንቀሳቀሰም። እንደማይንቀሳቀስም አውቃለሁ።

ቀላሉ ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብመልስለት ደስ ብሎት ያልፋል፣ እኔም ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ፤ ማታ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ሁለት ሰዎች እንደዚያ ብለውታል፤ ሙስተፋ አምኖት፣ እማማ ሃሊማ አዝነውለት።

እጄን በግድግዳው ላይ፣ እሱ በቆመበት ትክክል፣ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው።

«ዝንፍ» አልኩ።

ከዚያ ከዘራው ጀመረ፤ ኮሪደሩን ይዞ፣ መታጠፊያውን ዞሮ፣ በተቻለው ፍጥነት መጣ። በሩን ከፈተው። ዓይኑ ጥርት ብሎ ነበር፤ ማን እንደሆንኩ፣ ማን እንደሆነም ያውቃል። ፊቴን አየ፣ በዚህ ጊዜ ዓይኑን አልሰበረም። ማወቄን አወቀ።

ከዘራውን በሩ ላይ አስደገፈና አውራ ጣቱን ዘረጋልኝ።

«የቱ ጋ ነው?» አለኝ።